ውኃና ሥልጣን በክፉ ዘመን ልቦለዶች

የውጭ ሐያስያን «ዲስቶፒያ» ብለው የሚጠሩት የልቦለድ ዓይነት በአማርኛ ገና የጸና ስም አላገኘም። ቶማስ ሞር በ1516 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የትም የማይገኘውን መልካም አገር «ዩቶፒያ» ሲል ሰየመ፤ ኋላ የመጡት ጸሐፊዎች የዚያን ተቃራኒ፣ ሰው በሰው ላይ ያበጀውን ክፉ ሥፍራ፣ ዲስቶፒያ አሉት። በዚህ ጽሑፍ «የክፉ ዘመን ልቦለድ» እያልን እንጠራዋለን። ስሙን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሕዝባችን አንደበት «ክፉ ቀን» የሚባለው ወደፊት የሚመጣ ሳይሆን የመጣና ያለፈ ነው፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ፣ ሰው በረኃብ እንደ ቅጠል የረገፈበት ዘመን ነው። ቆላውም ደጋውም ያንን ቀምሷል። እንግዲህ የአውሮፓና የአሜሪካ ልቦለድ ክፉውን ዘመን ከፊቱ ሲያስቀምጥ የእኛ ቋንቋ ከኋላው አስቀምጦታል። አንድን መጽሐፍ በተለያየ አገር የሚያነቡ ሁለት ሰዎች ልዩነት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ይመስለናል።

ለወደፊቱ መሥጋትም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ስምንተኛው ሺ ገባ» የሚለው አነጋገር በየቀዬው ይሰማል። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የግእዝ መጽሐፍ ሥርዓት የሚፈርስበትን፣ ረኃብና ጦርነት የሚበረታበትን ዘመን ከተነበየ በኋላ ቴዎድሮስ የተባለ ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል፤ ቋረኛው ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ትንቢት ነው። ሆኖም በትንቢቱና በዘመናዊው ልቦለድ መካከል ሰፊ ገደል አለ። በትንቢቱ መዓቱ ከላይ ይወርዳል፤ መድኃኒቱም ከላይ ይመጣል። በክፉ ዘመን ልቦለድ ግን መዓቱን የሚያበጀው ሰው ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ጽሕፈት ቤት ያለው፣ ማኅተም የያዘ ሰው።

ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በነገሌ ቦረና፣ ከአዶላ ወደዚያው በሚወርደው መንገድ ላይ ባለችው በወደራ፣ በያቤሎም ሆነ በሞያሌ ለሚኖር አንባቢ ይህ ዓይነቱ ልቦለድ ምን ይሰጠዋል? ጥያቄው በተለይ ለመምህራን ቀላል አይደለም። መጻሕፍቱ ቀድሞ ገጻቸው በተገነጣጠለ ቅጂ፣ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ እየተላለፉ ወጣቱ ዘንድ ይደርሳሉ፤ አብዛኞቹም በእንግሊዝኛ ናቸው። ወጣቱ ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የጋናና የሐጋያ ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ በከዳው ምድር ያደገ ነው። ከብቱ በዓይኑ ፊት ያለቀበት ቤተሰብ ልጅ ስለ ድርቅና ስለ ስደት የተፈጠረ ታሪክ ማንበብ ምን ይጠቅመዋል? ተስፋ ያስቆርጠዋል እንጂ አያንጸውም የሚሉ አሉ። ክሱ አዲስ አይደለም፤ በአብዮቱ ዘመን በነበረው የሥነ ጽሑፍ ክርክር ጨለምተኝነት ቀላል ነቀፌታ አልነበረም።

በእኛ አስተያየት ክሱ ያረፈው በተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። የክፉ ዘመን ልቦለድ የሚመዘነው በጨለማው ብዛት ወይም በመጨረሻው ገጽ ላይ በምትበራው ሻማ አይደለም። ጥቂት የሆነውን ነገር ማን እንደሚያድል፣ አዳዩም አስቀድሞ ለራሱ መቅዳት የጀመረው መቼና በምን ሰበብ እንደ ሆነ ባሳየበት መጠን ነው። ለዚህ መመዘኛ ከነገሌ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው የምድር ጦር ክፍል ተራ ወታደሮችና ባለሌላ ማዕረጎች በአዛዦቻቸው ላይ ተነሡ። ያነሣሣቸው የርዕዮተ ዓለም ክርክር አልነበረም። ምግቡ የማይበላ፣ ውኃው የማይጠጣ ሆኖባቸው ነበር፤ የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም። ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን አግተው ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ አደረጓቸው። በተከታዮቹ ሳምንታት እንቅስቃሴው ወደ ደብረ ዘይትና ወደ አሥመራ የጦር ክፍሎች ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አንድ ደራሲ ይህን ትዕይንት ከአእምሮው አፍልቆት ቢሆን ኖሮ ሐያሲው «ምሳሌነቱ ከልክ በላይ ጎልቷል» ብሎ በነቀፈው ነበር። ሁለት ጉድጓድ፣ አንዱ የሚሠራ አንዱ የተበላሸ፣ በመካከላቸውም ማዕረግ።

ይህን ይዘን ወደ ጆርጅ ኦርዌል እንሂድ። «አኒማል ፋርም» (1945 እ.ኤ.አ.) ሲነሣ ብዙ አንባቢ የሚያስታውሰው አሳሞቹ በመጨረሻ በሁለት እግራቸው መቆማቸውን ነው። ደራሲው ግን ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የታሪኩ መታጠፊያ አሳሞቹ ወተቱንና ፖሙን ለራሳቸው ያስቀሩበት ጊዜ መሆኑን ገልጧል። ይህ የሚሆነው በመጽሐፉ መግቢያ አካባቢ፣ ገና አንድም እንስሳ ሳይገደል ነው። ሌሎቹ እንስሳት አጉረመረሙ እንጂ አልተነሡም፤ ሰበቡ አሳማኝ ነበርና። አሳሞቹ የአእምሮ ሠራተኞች ስለሆኑ ጤንነታቸው ሊጠበቅ ይገባል፣ እነርሱ ከደከሙ የቀድሞው ጌታ ይመለሳል ተባለ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግድያና የውሸት ችሎት ሁሉ ከዚያች የወተት ባልዲ ይቀዳል። የነገሌ ወታደሮች ኦርዌልን ሳያነቡ ይህን ገጽ በሚገባ ያውቁት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

«1984» (1949 እ.ኤ.አ.) በተባለው ሥራውም እንዲሁ ነው። የመጽሐፉ ዝና ሰውን ከግድግዳ ላይ በሚመለከተው መሣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ዛሬም ስለ መሣሪያው ብቻ የሚያወራ ብዙ ነው። እኛ ግን ለቸኮላቷ የበለጠ ዋጋ እንሰጣለን። የቸኮላት ራሽን ወደ 20 ግራም ዝቅ ከተደረገ በኋላ፣ በማግሥቱ ወደ 20 ግራም ከፍ በማለቱ ሕዝቡ በሰልፍ ወጥቶ ምስጋናውን አቀረበ ተብሎ ይነገራል። በቀበሌ ኅብረት ሱቅ ተሰልፎ ስኳር የገዛ ትውልድ ይህን ሲያነብ አይስቅም ወይም ስቆ ዝም ይላል። ኦርዌል የተረዳው አንድ ነገር አለ፤ አዳዩ ድርሻውን ከወሰደ በኋላ ቀጥሎ የሚወስደው የትናንትናውን ድርሻ ትዝታ ነው።

ነገር ግን የቆላው አንባቢ በዚህ ዓይነቱ ልቦለድ ላይ የሚያነሣው ተቃውሞ አለ፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። ከዘርፉ ሥራዎች ብዙዎቹ፣ በተለይም ተራዎቹ፣ እጥረት በራሱ ሰውን አውሬ ያደርጋል ከሚል እምነት ይነሣሉ። ውኃ አለቀ፤ ስለዚህ ጎረቤት ጎረቤቱን አረደ። በመካከል ያለው ደረጃ ሁሉ ተዘሎ ታልፏል። የቦረና ኅብረተሰብ የውኃ አስተዳደር ይህን አባባል ከሥሩ ያፈርሰዋል። ዱብሉቅና ዌብን ጨምሮ «ቱላ» ተብለው በሚታወቁት ዘጠኝ የጥልቅ ጉድጓድ ሥፍራዎች ወንዶች ከጉድጓዱ ግርጌ እስከ አፉ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ ባልዲውን በዜማ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ወደ ገንዳው ያወጣሉ። የጉድጓዱ ባለአደራ አባ ኮንፊ፣ የዕለቱን የማጠጣት ተራ የሚመራው ደግሞ አባ ሄሬጋ ይባላል። የማን ከብት ዛሬ፣ የማን ነገ እንደሚጠጣ የሚታወቀው በተራ ነው፤ ተራውን የጣሰ በጉባኤ ይዳኛል። ይህን ስንል ሥርዓቱ እንከን የለበትም ማለታችን አይደለም። ተራው በወንዶች እጅ ያለ ነው፤ ጎሣ የሌለው መንገደኛ ምን እንደሚገጥመውም መጠየቅ ይገባል። ዳሩ ግን ውኃ በጠፋበት አገር ውኃን በሕግ ማደል እንደሚቻል ብዙ ትውልድ አስመስክሯል። እንግዲህ ከእጥረት ወደ ግፍ የሚወስደውን መንገድ እርምጃ በእርምጃ ያላሳየ ልቦለድ በእንዲህ ያለ አንባቢ ፊት ቢወድቅ ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም።

ይህን ፈተና ከሁሉ በተሻለ ያለፈችው አሜሪካዊቷ ኦክታቪያ በትለር ናት። በ1993 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው፣ «የዘሪው ምሳሌ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው ልቦለድ የአንዲት የ15 ዓመት ልጅ የዕለት ማስታወሻ ሆኖ የተጻፈ ነው፤ ማስታወሻው የሚጀምረው በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ያ ወር ዛሬ አልፏል፤ በትለር በ1993 ወደፊት ብላ የጻፈችው ለእኛ ኋላ ሆኗል። ሎረን የምትኖረው በሎስ አንጀለስ አካባቢ በግንብ በታጠረ ሠፈር ነው። ዝናብ ብርቅ ነው፤ ውኃ ከቤንዚን በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ ውኃ አዟሪዎች ለሸክማቸው ሲባል ይገደላሉ። እስከዚህ ድረስ ሌሎችም ይጽፉታል። የበትለር ብልጫ የሚታየው አንድ ኩባንያ ኦሊቫር የምትባለውን የባሕር ዳር ከተማ ጠቅልሎ በሚይዝበት ክፍል ነው። ለነዋሪዎቹ ጥበቃ፣ ሥራና ውኃ ይሰጣል፤ ደመወዙ ግን ወጪን አይሸፍንም፤ ሠራተኛው ለኩባንያው ባለዕዳ ይሆናል፤ ባለዕዳ ደግሞ መሄድ አይችልም። ማንም አልተገደደም፤ እንዲያውም ለመግባት ይሻማሉ። የጭሰኛን ታሪክ ከአያቱ የሰማ አንባቢ ኦሊቫርን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ዕዳው በእህል ፋንታ በውኃ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ልቦለዱ ድክመት የለውም አንልም። ሎረን የምትመሠርተው አዲስ እምነት በየምዕራፉ መግቢያ እየተሰበከ ታሪኩን ያጓትታል፤ ደራሲዋ ለጀግናዋ ያላት ፍቅር ለትችት ቦታ የሚነሣበትም ጊዜ አለ። ስደተኞቹ በመንገድ ላይ አንዱ አንዱን ማመን ሲማሩ የሚታዩባቸው ምዕራፎች ግን ከዘርፉ ምርጥ ገጾች መካከል ናቸው። እዚያ ላይ ምግብ ይካፈላሉ፤ ማን ዘብ እንደሚቆም ተራ ያወጣሉ። ከአባ ሄሬጋ ሥራ ጋር የሚመሳሰል ነገር በአውራ ጎዳና ዳር ከምንም ተነሥቶ ሲበቅል እናያለን።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። ኦልደስ ሀክስሊ በ«ብሬቭ ኒው ወርልድ» (1932 እ.ኤ.አ.) ሕዝብን በጥጋብና ሶማ በተባለ ኪኒን የሚገዛ መንግሥት አሳይቷል። ጥጋብ የግፍ መሣሪያ መሆኑ ለቆላው አንባቢ ሩቅ ተረት ነው፤ ሶማን ለማስረዳት ግን መምህሩ ከጫት አልፎ ምሳሌ ፍለጋ መድከም የለበትም። ልዩነቱ ሶማን የሚያድለው መንግሥት ራሱ መሆኑ ነው። የሬይ ብራድበሪ «ፋረንሃይት 451» (1953 እ.ኤ.አ.) ሌላ ነገር ያስነሣል። መጻሕፍት በሚቃጠሉበት በዚያ አገር፣ ከከተማ የሸሹ ሰዎች መጻሕፍትን በቃላቸው ይዘው በጫካ ይኖራሉ። ደራሲው ይህን የመጨረሻ መሸሸጊያ አድርጎ አቅርቦታል። ዳዊትን በቃሉ የሚደግም የቆሎ ተማሪ ባለበት፣ የገዳን ዘመናት ከአባ ገዳ እስከ አባ ገዳ በቃሉ የሚቆጥር የአርጋ ዳጌቲ አዋቂ በሚከበርበት አገር ግን በቃል መያዝ መሸሸጊያ ሳይሆን መደበኛ ቤተ መጻሕፍት ነው። ብራድበሪ የፍጻሜ ምዕራፍ ያደረገው ለእኛ የመግቢያ ምዕራፍ ነው። ይህ ልብ ወለዱን አያሳንሰውም፤ ነገር ግን በነገሌ ሲነበብ ሐዘኑ ይቀልላል።

የአገራችን ደራስያን ይህን መንገድ አያውቁትም ማለት ስሕተት ይሆናል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በተባለው ተውኔታቸው የመኳንንቱን ምግባረ ብልሹነት በእንስሳት አፍ ያናገሩት ከኦርዌል ብዙ ዓመት ቀድመው ነው፤ ያስከተለውም የቴያትር መከልከል ነበር። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባሳተመው «አልወለድም» በማኅፀን ያለ ፅንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ከእናቱ ጋር ይሟገታል። ሐሳቡ ከብዙዎቹ የውጭ ሥራዎች የከፋ ድፍረት አለበት፤ የሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ከክፉው ሥፍራ ለማምለጥ ይታገላሉ፣ የአቤ ግን ከነጭራሹ መግባቱን እምቢ ይላል። እንደ ልቦለድ ስብከት ይበዛበታል፤ ሙግቱ ሕይወት ከመሆን ይልቅ ንግግር እየሆነ የሚያደክምበት ቦታ አለ። መንግሥት ያገደው ግን በዚህ ጉድለቱ አልነበረም።

በዓሉ ግርማ ዘመንን ወደፊት መግፋትም ሆነ አገርን በሌላ ስም መሸፈን አላስፈለገውም። በ1975 ዓ.ም. በወጣው «ኦሮማይ» ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ በአሥመራ የፕሮፓጋንዳ ሥራ የሚመራ ጋዜጠኛ ነው። በ«1984» ውስጥ አሮጌ ጋዜጦችን እየፋቀ ከሚጽፈው ሠራተኛ ጋር ሙያቸው አንድ ነው። በእኛ ግምት «ኦሮማይ» በዚህ ዘርፍ ተቆጥሮ ቢነበብ ከፍቅርና ከጀብዱ ታሪክነቱ በላይ የሚያወጣው ነገር ይገኛል፤ ቃል ራሱ ከአንድ ማዕከል የሚታደልበትን አሠራር ከውስጥ ያሳያልና። ያሳተመው ኩራዝ ነበር፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደግሞ ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ሩሲያዊው ዬቭጌኒ ዛሚያቲን በ1921 እ.ኤ.አ. ጽፎ የጨረሰው «እኛ» በአገሩ ለመታተም እስከ 1988 መጠበቁን ከዚህ ጋር ስናስተያይ፣ መጽሐፍም እንደ ውኃው በአንድ ሰው እጅ በኩል የሚታደል ነገር መሆኑን እንረዳለን። «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው በ2025 እ.ኤ.አ. ነው። በነገሌ ያለ መምህር ዛሬ ይህን መጽሐፍ ከ«አኒማል ፋርም» ጎን አስቀምጦ ቢያስተምር፣ ጥር 4ን ከኋላቸው ካደረገ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ይተረጓጎማሉ። በውኃ ጉዳይ የተጀመረ አብዮት ስምንት ዓመት ሳይሞላው የቃል ራሽን የሚያወጣ ሆኖ መገኘቱ ተማሪው ራሱ የሚደርስበት ነገር ነው፤ መምህሩ ባይነግረው ይሻላል።

ስለ ሥዕላዊ ልቦለድ ሳንናገር ማለፍ አይገባንም፤ ወጣቱ ዛሬ ከጽሑፉ ቀድሞ የሚይዘው እርሱን ነውና። ለእኛ ይህም ፍጹም እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፈፎች ከፋፍለው የሚሥሉ ሠዓሊዎቻችን ታሪክን በተከታታይ ሥዕል የመተረክ ጥበብ ከቆየ ልማድ ተቀብለዋል። በዚሁ ልማድ ጻድቃን በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጎን ፊት፣ በአንድ ዓይን። ይህን ደንብ የሚያውቅ ሰው አለን ሙርና ዴቪድ ሎይድ በ1982 እ.ኤ.አ. የጀመሩትን «ቪ ፎር ቬንዴታ» ሲያገላብጥ ግራ ይጋባል፤ ዋናው ሰው ፊቱን በፈገግታ ጭምብል ሸፍኖ በሁለት ባዶ ዓይን ቀጥ ብሎ ይመለከተናል። ጻድቅ ነው ወይስ ክፉ? ሥዕሉ ፍርዱን ይከለክለናል፤ የመጽሐፉም ጥንካሬ ይኸው ነው፤ ሰውዬው ነጻነትን እየሰበከ አንዲትን ወጣት ሴት በሐሰት እሥር ያሠቃያልና።

የበትለርን ልቦለድ ዴሚያን ደፊና ጆን ጄኒንግስ በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ ሥዕል መልሰውታል። የጄኒንግስ ሻካራ መስመር ለደረቅ ምድር ይስማማል። ሆኖም ሥዕል ጥማትን በአንድ ክፈፍ ማሳየት ሲችል የውኃን ዋጋ ለማሳየት ይቸገራል፤ የኦሊቫርም ግፍ በመዝገብ ላይ ያለ ቁጥር እንጂ የጅራፍ ሰንበር ስላልሆነ፣ ጽሑፉን ያላነበበ ሰው ሥዕሉን ብቻ አይቶ ግፉን እንዳያልፈው ያሠጋል። ለተማሪ ሁለቱን አጣምሮ መስጠት ይበጃል።

በአገራችን ኢታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ጀምበር» በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው፤ ጀግናው ሥራ ፈላጊ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። በጎ ጅምር ነው፤ ይሁን እንጂ ከዋና ከተማው ሥራ ፍለጋ እስከ ዱብሉቅ ገንዳ ድረስ ገና ብዙ መንገድ አለ። የቱላን ጉድጓድ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ በሥዕላዊ ልቦለድ ለመሣል የሚነሣ ሰው ቅርጹን ከውጭ መዋስ አያስፈልገውም። ገጹ ቁመታም ነው፤ ጉድጓዱም እንዲሁ። ከታች በጭቃው የቆመው ሰው በመጨረሻው ክፈፍ፣ ከእርሱ በላይ ያለው ከዚያ በላይ ባለው፣ ባልዲው ከክፈፍ ወደ ክፈፍ እየወጣ፣ አንባቢም ከልማዱ ውጭ ከታች ወደ ላይ እያነበበ ይሄዳል። ከላይኛው ክፈፍ ውስጥ ባልዲውን ተቀብሎ ወደ ገንዳው የሚያፈሰው ሰው አለ። ሠዓሊው ያንን ሰው በሙሉ ፊት ይሥለው ወይስ በጎን፣ ከመጀመሪያው መስመር በፊት መወሰን ይኖርበታል።